ከኤፍኤም ውይይት ጀርባ፦ ሰዓቱ የማን ነው? ስልኩስ እንዴት ይገባል?

«ሄሎ፣ ጤና ይስጥልኝ! ማን ልበል? ከየት ነው የሚደውሉት?» ይላል አቅራቢው። ደዋዩ ሊመልስ አፉን ሲከፍት የአቅራቢው ጥያቄ ራሱ በስልኩ ተመልሶ ይጮኻል። «እስቲ ሬዲዮዎን ዝቅ ያድርጉልኝ፤ በስልኩ ብቻ ያዳምጡኝ።» ለአዲስ አበባ ሰው ይህ የዕለት ተዕለት ድምፅ ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ከልብስ ሰፊው መኪና አጠገብ ሲሰማ ይውላል፤ ሌሊት ደግሞ ከጥበቃዎች ጋር ያድራል።

እኔ በአንድ የኤፍኤም ጣቢያ የጠዋት ፕሮግራም ላይ፣ ከስቱዲዮው መስታወት ወዲህ ተቀምጬ ለሁለት ዓመት ያህል ስልክ አነሳ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ «ስንቴ ደውዬ ለምን አታስገቡኝም?» ሌላው ደግሞ «ስለ ኳስ ሲወራ ይዋላል፤ ስለ እኛ ሰፈር ችግር ግን የሚያወራ የለም፤ ለምን?» ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ለመመለስ ግን የሬዲዮ አንድ ሰዓት እንዴት እንደሚሰናዳ፣ ማን እንደሚከፍልበትና ማን እንደሚጠየቅበት መናገር ግድ ይላል። ስልክ ለሚጠብቅ ሰው ጊዜ ስለማይኖረኝ ያኔ አላስረዳሁም፤ አሁን ላስረዳ።

ከሞገዱ ልጀምር። ኤፍኤም የሚሠራው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። እዚህ ክልል ውስጥ ያለ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይጓዛል። ተራራ ከገጠመው ይጋረዳል፤ ከአድማስ ማዶ ላለ ሰውም አይደርስም። አጭር ሞገድ የሚባለው ግን ሰማይ ላይ ካለው ንብርብር እየነጠረ አህጉር ያቋርጣል፤ የጀርመን ድምፅ ሬዲዮ የአማርኛ ዝግጅት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከአውሮፓ ተነሥቶ ገጠራችን ድረስ ሲሰማ የኖረው በዚህ ነው። የአዲስ አበባ ጣቢያዎች ማሠራጫ ማማቸውን ፉሪን በመሰለ ከፍታ ላይ የሚተክሉትም ኤፍኤም ማየት የሚችለውን ያህል ብቻ ስለሚደርስ ነው። ከከተማው በመኪና የወጣ ሰው ድምፁ መጀመሪያ ሲሻክር፣ ቀጥሎ ሲቆራረጥ፣ በመጨረሻም ሲጠፋ ያውቀዋል። ይህ ጉድለት ቢመስልም የሰፈር ወሬ የሚቻለው በዚሁ ምክንያት ነው። «ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚወስደው መንገድ ተጨናንቋል» የሚለው ቃል ለጎንደር ሰው ምኑም አይደለም፤ ለሚኒባስ ሾፌር ግን እንጀራው ነው። ማን እንደሚሰማህ ስታውቅ የምታወራው ይለያል።

ሰዓቱን የገዛው ማን ነው?

ሬዲዮ አገራችን የገባው ቀድሞ ነው፤ አገልግሎቱ የተጀመረው በ1928 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ነው። ነገር ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሬዲዮው ይናገራል፣ ሕዝቡ ያዳምጣል። የከተማው ሰው «እኔም ልናገር» ብሎ ስልክ ማንሳት በደንብ የለመደው ኤፍኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ነው። በ2000 ዓ.ም. የመጀመሪያው የግል ጣቢያ ሸገር 102.1 ሥራ ጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችው መዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» በተባለው ዝግጅቷ አንድን ሰው ከልጅነቱ ጀምራ፣ ሳትቸኩል፣ አንዳንዴም ከሳምንት ሳምንት እያሻገረች ታጫውተዋለች። ሬዲዮ ላይ ዝም ማለትም እንደሚቻል ብዙዎቻችን የተማርነው ከዚያ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ብሥራት 101.1፣ ኢትዮ ኤፍኤም 107.8፣ አሐዱ 94.3 እና ሌሎችም ተጨመሩ።

አብዛኛው አድማጭ የማያውቀው ነገር አለ። በአንድ ጣቢያ ላይ የሚሰማው ሰው ሁሉ የጣቢያው ሠራተኛ አይደለም። ዜናውንና አንዳንድ ዋና ዋና ዝግጅቶችን ጣቢያው ራሱ ያዘጋጃል። የቀረውን ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ የሚይዙት «ተባባሪ አዘጋጆች» ናቸው። ተባባሪ አዘጋጅ ማለት ከጣቢያው የአየር ሰዓት በውል የሚገዛ፣ ፕሮግራሙን በራሱ ሰዎች የሚሠራ፣ ስፖንሰርና ማስታወቂያም ራሱ ፈልጎ የሚያመጣ ነው። ሱቅ እንደተከራየ ነጋዴ ልትቆጥረው ትችላለህ፤ ኪራዩ ገበያ ኖረም አልኖረም ይከፈላል። በሬዲዮ የምታውቀው ያ ሞቅ ያለ ድምፅ ከፕሮግራሙ እንደወጣ ፋይል በእጁ ይዞ ከድርጅት ድርጅት የሚዞር ሰው ሊሆን ይችላል። ጠዋት «ውድ አድማጮቻችን» ያለው ሰው ከሰዓት በኋላ የገበያ ክፍል ኃላፊ ደጅ ላይ ወረፋ ይጠብቃል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንየው። አንድ ሰዓት 60 ደቂቃ ነው። እንበልና ማስታወቂያ 12 ደቂቃ፣ የስፖንሰሮች ስም 3 ደቂቃ፣ ሙዚቃና የፕሮግራሙ መግቢያ 10 ደቂቃ ወሰደ። የቀረው 35 ነው። ከእሱ ላይ እንግዳው 20 ደቂቃ ከተናገረ ለሕዝብ የተረፈው 15 ደቂቃ ነው። አንድ ደዋይ ሰላምታውን፣ ምስጋናውንና ሐሳቡን ጨምሮ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት የሚገባው ሰው ሰባት ነው። እኔ ፊት ያሉት መስመሮች ግን ፕሮግራሙ ሳይጀመር ጀምሮ ብልጭ ድርግም ሲሉ ይቆያሉ።

የኳሱም ነገር ከዚሁ ይመነጫል። ኳስ በየቀኑ አዲስ ነገር አለው፤ አድማጩ ብዙ ነው፤ የአርሰናልን አሰላለፍ በመተቸትህ ቢሮ ጠርቶ የሚቆጣህ ባለሥልጣን የለም። ስፖንሰር የሚወደው እንዲህ ያለ ወሬ ነው። የወረዳ ጉዳይ ግን መሥሪያ ቤት መደወል፣ ማጣራት፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል መልስ መስማት፣ ደግሞ መደወል ይጠይቃል። ወጪው ብዙ ነው፤ ስፖንሰሩ ደግሞ ስሙ ከእሮሮ ጋር አብሮ እንዲነሣ አይፈልግም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ሲከለክል ይህ አሠራር ምን ያህል በቀጭን ክር ላይ እንደቆመ ታየ። እኔ ክልከላውን እደግፋለሁ፤ ከልጆች ጋር በሚሰማ ሬዲዮ ቢራ በየአሥር ደቂቃው መወደሱ ልክ አልነበረም። ነገር ግን የብዙ ፕሮግራሞች ኪራይ የሚከፈለው ከቢራ ፋብሪካዎች በሚገኝ ገንዘብ ስለነበር ስፖንሰራቸውን አጡ። ጥሩ ጥሩ ውይይት የነበራቸው ሳይቀሩ ደህና ሁኑ ሳይሉ የጠፉ አሉ። አድማጩ «አዘጋጆቹ ሰለቻቸው መሰለኝ» ይላል፤ ያለቀው ግን የኪራዩ ገንዘብ ነበር።

አሠራሩ ሌላም መዘዝ አለው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አንዳንድ ጊዜ እንግዳውም ገዢ ነው። ስለ ኩላሊት ጠጠር የሚያስረዳው ሐኪም፣ ስለ ቤት ግዢ የሚመክረው ባለሙያ፣ ስለ ውጭ አገር ትምህርት የሚያብራራው አማካሪ ለተቀመጠበት ወንበር የከፈለ ሊሆን ይችላል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከመደበኛው ዝግጅት ተለይቶ መታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። በተግባር ግን ወሰኑ ይደበዝዛል። መለየት የፈለገ ሰው የሚከተለውን ልብ ይበል፦ የእንግዳው ስልክና አድራሻ በተደጋጋሚ ይነገራል? አቅራቢው አንድም የሚከብድ ጥያቄ አልጠየቀም? በተቃራኒው የሚያስብ ሰው አልተጋበዘም? ሦስቱም ከተገጣጠሙ የሰማው ውይይት አይደለም።

ማን ይጠየቃል?

ሬዲዮ ላይ ለተነገረ ነገር ተጠያቂው የተናገረው ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ የእኔ ሥራ ቀላል በሆነ ነበር። ፈቃዱ ያለው ግን በጣቢያው እጅ ነው፤ ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ተባባሪ አዘጋጁ ቢሳሳት ደብዳቤው የሚደርሰው ለጣቢያው ነው። በዚህ የተነሣ ጣቢያዎች በማይተዋወቁት ደዋይ አፍ ላይ ይሠጋሉ፤ ሥጋታቸውም መሠረት አለው።

አሁን የሚሠራበት የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 አንድ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም የስም ማጥፋት ከወንጀልነት ወጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ሆኗል። ይህ ማለት የሚያስከትለው እስር ሳይሆን ካሣ ነው። ካሣውም ቢሆን ግን ትንሽ ፕሮግራምን ይዘጋል። «የእገሌ ሱቅ ሚዛኑ የተበላሸ ነው» ለማለት የምትፈልግ ደዋይን «ስም አይጥሩብን» የምንላት ከዚህ የተነሣ ነው። ሐሳቧን ንቀን አይደለም፤ የተባለው ሰው ራሱን ለመከላከል እዚያ የለም፣ እኛም በዚያች ደቂቃ እውነቱን ማጣራት አንችልም። ሕጉ ስሙ ለተነሣ ሰው መልስ የመስጠት መብትም ይሰጣል።

በብሔርና በሃይማኖት ላይ የሚነጣጠር ንግግር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በወንጀል ይጠይቅበታል። ሬዲዮ ላይ ይህ ጉዳይ ከወረቀት በላይ እንደሆነ ለማወቅ ሩዋንዳን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተከፈተው አርቲኤልኤም የተባለው ጣቢያ ሲጀምር የተወደደው በጨዋታው ነበር፤ ሙዚቃው አዲስ፣ አቀራረቡ የመንገድ ወሬ የሚመስል፣ አድማጭ የሚያሳትፍ። በ1994ቱ የዘር ማጥፋት ወቅት ያው የለመዱት ድምፅ ሰዎችን በስምና በአድራሻ እየጠቀሰ አስገደለ። የመሥራቾቹን ጉዳይ አሩሻ ላይ ያየው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ጥፋተኛ ብሏቸዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው የሬዲዮ አቅራቢ «ይቅርታ፣ መስመሩን እዚህ ላይ ላቁም» ሲል ወዲያው አይቆጣም።

ችግሩ ፍርሃት ከልኩ ሲያልፍ ነው። ጣቢያው የሕጉን ወሰን ከማወቅ ይልቅ ወሰኑ አጠገብ አለመድረስን ከመረጠ፣ ሰው ስለ መንገድ መብራት ሲናገር እንኳ እጁ መስመሩን ወደሚዘጋው ቁልፍ ይሄዳል። የቀረው ውይይት ስለ ፍቅር፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ አመጋገብ ብቻ ይሆናል። እነሱም ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን ከተማ በእነሱ ብቻ አይኖርም። ክርክርን ቁጭ ብሎ መስማት ለእኛ እንግዳ ነገርም አይደለም። ዱሮ በላ ልበልሃ ሲባባሉ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ ማን እንደረታ ይፈርድ ነበር።

ከንግዱ አሠራር ውጭ ያለ መንገድም አለ። ሕጉ የማኅበረሰብ ሬዲዮን ይፈቅዳል፤ ለትርፍ ያልቆመ፣ የአካባቢው ሰው በሚመርጠው ቦርድ የሚመራ ነው። ስፖንሰር ስለማያሳድደው ስለ ከብት በሽታ ግማሽ ሰዓት ማውራት ይችላል። ዘላቂ ገንዘብ ማግኘት ግን ይቸግረዋል። ከአገር ውጭም ሁለቱም ዓይነት አሉ። በዋሽንግተን አካባቢ የአማርኛ ፕሮግራሞች ከአገሬው ጣቢያ ላይ ሳምንታዊ ሰዓት ተከራይተው ሲሠሩ ኖረዋል፤ ኪራዩ የሚሸፈነው በምግብ ቤቶች፣ በጠበቆችና በጉዞ ወኪሎች ማስታወቂያ ነው፤ ያው የተባባሪ አዘጋጅ ሥርዓት በዶላር። በእስራኤል ግን ለስደተኞች የተቋቋመው የረቃ ሬዲዮ የሕዝብ ስለሆነ የአማርኛ ሰዓቱን የሚከፍለው ስፖንሰር አይደለም።

ስልኩ እንዴት ይገባል?

የመጀመሪያውን ጥያቄ እስካሁን ያቆየሁት በጣም ስለምወደው ነው።

ስልኩን የሚያነሳው አቅራቢው አይደለም፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ነው። ስም፣ ሰፈርና ጉዳይ እጠይቃለሁ። ከዚያ በወረቀት ላይ «2፦ ወይዘሮ፣ የጉድጓድ ክዳን፣ ረጋ ያሉ» ብዬ ጽፌ በመስታወቱ አሳያለሁ። «ረጋ ያሉ» የሚለው ቃል ቀልድ አይደለም። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሰውዬው የሰከረ ይሁን፣ የተናደደ ይሁን፣ የሚነበብ ጽሑፍ ይዞ ይሁን፣ በድምፁ መገመት አለብኝ። ቴክኒሺያኑ መስመሩን ወደ ሚክሰሩ ሲያሳልፍ ደዋዩ በአየር ላይ ነው። አንዳንድ ጣቢያ ድምፁን ጥቂት ሰከንድ አዘግይቶ የሚለቅ መሣሪያ አለው፤ መጥፎ ቃል ቢወጣ በዚያች ሰከንድ ይቆረጣል። ሬዲዮውን ያልቀነሰ ደዋይ የሚደናገረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከጥቂት ሰከንድ በፊት የተናገረው የራሱ ቃል እየመጣ ከሐሳቡ ያወጣዋል። መሣሪያው በሌለበት ጣቢያ ያለው መከላከያ የቴክኒሺያኑ ጣት ብቻ ነው።

እነማን ይገባሉ? ሐቁን ልናገር። በጉዳዩ ላይ አዲስ ነገር ያለው ይቀድማል። ከአሥር ደዋይ ስምንቱ ወንድ ከሆኑ የሴት ድምፅ እናስቀድማለን። በየቀኑ የሚደውሉ፣ ስማቸውን ከነድምፃቸው የምናውቃቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱን በፈረቃ ነው የምናስገባው። «እንደምን አደራችሁ፣ ከአዘጋጅ እስከ ቴክኒሺያን፣ ከጥበቃ እስከ ሥራ አስኪያጅ» ብሎ ለሰላምታ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ሰው ያለውን ሁለት ደቂቃ በግማሽ አጥፍቷል። አሳዛኙ ነገር እንዲህ የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ ጨዋዎቹ ናቸው።

አሁን አሁን ብዙ ፕሮግራም በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይቀበላል። ቀድሞ ተሰምቶ የሚለቀቅ ስለሆነ ለጣቢያው ያስተማምናል፤ መስመር ለመጠበቅ ካርድ የሌለውም ይደርሰዋል። የሚያሳጣን ነገር ግን አለ። ለተቀዳ ድምፅ ጥያቄ አይቀርብም። «መቼ ነው ያዩት? እርስዎ ራስዎ ነበሩ ወይስ ሲባል ሰምተው ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚቻለው ሰውየው መስመር ላይ ሲኖር ነው። ወሬንና ምስክርን የምትለየው ያቺ ጥያቄ ናት።

ወረቀቱ ላይ የጻፍኳቸው ወይዘሮ የደወሉት ከአንድ ዳገታማ ሰፈር ነበር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20 አካባቢ። ተማሪዎች በሚያልፉበት መንገድ ላይ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ተሰርቆ ጠፍቷል። ስለ አስተዳደር ብልሹነት አልተናገሩም። «ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ ስፋቱ ልጅ ያስገባል፤ ትናንት ማታ የጎረቤቴ ልጅ እግሩ ገብቶ በቦርሳው ተንጠልጥሎ ነው የተረፈው። ቅርንጫፍ ተክለንበታል» አሉ። ቦታው፣ መጠኑ፣ ቀኑ፣ ምስክሩ፤ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ውስጥ።

አቅራቢው የሚመለከተውን ኃላፊ በስልክ አገኛቸው። «እስከ ዓርብ ይከደናል» አሉ፤ ድምፃቸው ተቀዳ። ዓርብ ጠዋት ወይዘሮዋ በዚያው ሰዓት ደወሉ። ቅርንጫፉ ደርቋል፤ ጉድጓዱ ግን እንዳለ ነው። ቴክኒሺያኑ ቅጂውን ፈልጎ አወጣና ኃላፊውን መስመር ላይ እንዳሉ የራሳቸውን ቃል አሰማቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ሬዲዮ ላይ አምስት ሰከንድ ዝምታ በጣም ረጅም ነው። ከዚያ «ሰኞ እኔ ራሴ እሄዳለሁ» አሉ።

ሰኞ ወይዘሮዋ ሲደውሉ አየር ላይ መግባት አልፈለጉም። ክዳኑ መጥቷል፤ ሲሚንቶ ነው፣ አዲስ ነው አሉ። ላመሰግናቸው ስል አቋረጡኝ። «ወረቀት ይዘሃል ልጄ? ከትራንስፎርመሩ አሥር ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ወደ ግራ በሚታጠፈው ላይ፣ ሌላ ክፍት አለ። ጻፍ።»

ጻፍኩ።